አሥራ ስምንት ሚሊ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እጄ ሥራ ፈትቶ ቤት ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ይለካል። ትናንት የወንበሩን እግር ለካሁ፤ ከትናንት ወዲያ የመስኮቱን ደፍ። ልጄ "እማዬ፣ ዛሬም ያው ነው፣ አላደገም" እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። እኔ ከልጅነቴም ፈሪ ነኝ፤ በር ቆልፌ ተመልሼ የምነካ፣ እሳት አጥፍቼ አመዱን የምዳስስ ዓይነት ሰው። በዚያ ላይ የመጋዝ ማሽን ሥራ ሲጨመርበት ፍርሃቴ ደመወዝ የሚከፈለው ሆነ።

ይህን ጻፊው ብላ ያዘዘችኝ ትርንጎ ናት፤ ሥራ ያስተማሩኝ የአያ ደሴ ልጅ። እሷ ካዘዘች እምቢ የምልበት አፍ የለኝም።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ቢቸና ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጥሬ ለደብዳቤ ቁጥር እሰጥ ነበር። ከቢሮው ጀርባ የቆርቆሮ አዳራሽ ነበረች፤ የትምህርት ቤት ዴስክ፣ የጤና ጣቢያ በር፣ አንዳንዴም የሬሳ ሣጥን የሚሠራባት ወርክሾፕ። ውስጧ ሁለት ማሽን ቆሟል፤ አንድ የጠረጴዛ መጋዝና አንድ መላጊያ። መንገድ ሊሠሩ የመጡ ፈረንጆች ካምፓቸውን ሲነቅሉ ትተዋቸው የሄዱ ናቸው። የሁለቱም ልኬት በኢንች ነው።

አያ ደሴ ከማሽኖቹ ጋር አብረው የተወረሱ ያህል ነበሩ። በወጣትነታቸው ጥቂት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይተው ነበር፤ ኋላ ካምፕ ገብተው ሳንቃ ተሸካሚ፣ ቀጥሎ ረዳት፣ በመጨረሻም ባለ ማሽን ሆኑ። ቀጭን ናቸው፤ ሲናገሩ ቃሉን እንደ ሳንቃ አገላብጠው አይተው ነው የሚያወጡት። ማሽን ከማስነሣታቸው በፊት ነጠላቸውን አጥፈው ከበሩ ሚስማር ላይ ይሰቅላሉ፣ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ይጠቀልላሉ፣ ያማትባሉ። ሦስቱ ሳይሟላ ማብሪያውን ሲነኩ አይቼ አላውቅም።

እኔ ወደዚያ የገባሁት ንብረት ልቆጥር ነው። መዝገቡ ላይ "የመጋዝ መደገፊያ ብረት፣ ሃያ አራት" ይላል። ሃያ አራት ፍሬ መስሎኝ ብፈልግ ያለው አንድ ብቻ ነው። ቀሪው ተሰርቋል ብዬ ደነገጥሁ።

"ሃያ አራት ኢንች ነው፣ እናቴ" አሉኝ አያ ደሴ። "ሳንቃው እየተደገፈ የሚሄድበት ብረት የሚንሸራተትበት ርዝመት ነው። ቆመሽ ከምትጽፊ ይችን ጫፍ ያዢልኝ እስቲ።"

ያዝሁ። እንደያዝሁ ቀረሁ። ረዳታቸው ለቆ ስለነበርና ሌላ ሰው ስላልተገኘ ኃላፊው ዝውውሬን ፈረሙ። ከተማው "ሴት በመጋዝ?" አለ። እናቴ ደግሞ ጠዋት ስወጣም ማታ ስገባም እጄን ይዛ ጣቶቼን አንድ በአንድ ትቆጥር ነበር።

የአያ ደሴን አንድ ልማድ በደንብ ልናገር፤ ነገሬ ሁሉ እሱ ላይ ነው። ሳንቃ ከመቁረጣቸው በፊት ከባሕር ዛፍ ቁራጭ በሙሉ ልኩ አንድ ሙከራ ይቆርጣሉ። ልኩ ሃምሳ ሴንቲ ከሆነ ሙከራውም ሃምሳ ነው፤ አምስት አይደለም። ያንን ይዘው ሥራው ወደሚገባበት ቦታ ይሄዳሉ፤ በር ከሆነ ወደ መቃኑ፣ መሳቢያ ከሆነ ወደ ጠረጴዛው። ያስገቡታል፣ ያወጡታል፣ ደግመው ያስገቡታል። ቦታው እሺ ካለ ብቻ ሳንቃውን ያነሣሉ። መንገዱ ሩቅ ሲሆን ሙከራዋን በብብታቸው ይዘው በእግራቸው ሁለት ሰዓት ሲሄዱ አውቃለሁ።

"ቁጥር የጻፈው ሰው ነው" ይሉኛል። "ሰው ደግሞ ይሳሳታል። ቦታውን ጠይቂ።"

ችግሩ ዲዛይኖቹ በሴንቲሜትር እየመጡ ማሽኖቹ በኢንች መሆናቸው ነበር። አያ ደሴ ሁሉንም በልባቸው ይለውጣሉ። "አርባ አምስት ሴንቲ" ስላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው "አሥራ ሰባት ከሦስት ሩብ፣ ትንሽ ጎደል አድርጊው" ይላሉ። እኔ ግን ያቺን "ጎደል" አላምናትም ነበር። ምን ያህል ጎደል? በጣቴ እየነካሁ፣ በወረቀት እያባዛሁ፣ አንዱን መደገፊያ ለማሰር ሩብ ሰዓት እፈጅ ነበር። አንድ ቀን ኃላፊው ቆመው አዩኝና "ይህ ነገር ወደ ሴንቲ ይለወጥ" አሉ። ለአዲሱ የልኬት ሰሌዳ ደብዳቤ ወደ አዲስ አበባ ተጻፈ፤ ቁጥሩን የሰጠሁት ራሴ ነበርሁ። ደብዳቤው ሄደ፤ ሰሌዳው አልመጣም።

"እኔ ልሥራው" አልሁ። ከፍርሃቴ ለመገላገል ብዬ ነው እንጂ ከጉብዝና አልነበረም።

መላጊያው ቀላል ሆነ። እጀታው አንድ ዙር ሲዞር ጠረጴዛው አንድ አሥራ ስድስተኛ ኢንች ይነሣል፤ አንድ ነጥብ ስድስት ሚሊ ያህል ማለት ነው። ክብ ቆርቆሮ ቆርጬ ዙሪያውን በሚሊ ከፋፍዬ እጀታው ሥር ሰካሁት። ሠራ። አያ ደሴ ሦስት ቀን ሙሉ እየሞከሩ አዩት፤ በአራተኛው ቀን "እሰይ" አሉ። ከእሳቸው አፍ "እሰይ" መስማት ቀላል ነገር አይደለም። ልቤ አበጠ።

መጋዙ ግን ስድሳ ሴንቲ የሚደርስ የልኬት ስኬል ያስፈልገዋል። ያለን የብረት ማስመሪያ ደግሞ ሠላሳ ሴንቲ ነው። ያን ሰሞን ቢቸና ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ተከፍቶ ነበርና ማስመሪያዬን ይዤ ሄድሁ። የምታነሣው ልጅ ብረቱን መስታወቱ ላይ አስተኝታ አንድ አነሣች፤ የመጨረሻዋ መስመር ከወረቀቱ ወጥታ ተቆርጣለች።

"ቆይ እትዬ፣ ሙሉውን እንዲይዝልሽ ትንሽ ልቀንሰው" አለችና አንድ ነገር ነካካች።

ወጣ። ከዜሮ እስከ ሠላሳ ጥርት ብሎ፣ አንድም መስመር ሳይቀር። ሁለት ቅጂ አስነሣሁ። "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ አመስግኛት ወጣሁ። ልቀንሰው ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው፤ በር ቆልፌ ሦስቴ የምነካ ሴት፣ ያን ቃል ሰምቼ አመሰገንሁ።

ሁለቱን ወረቀት አጋጠምሁ፣ በሁለተኛው ላይ ከሠላሳ አንድ እስከ ስድሳ በእርሳስ ጻፍሁ፣ መደገፊያው ከሚንሸራተትበት ብረት ላይ በኮላ ለጠፍሁ፣ ላዩን ቫርኒሽ ቀባሁት። አያ ደሴ አጎንብሰው አዩትና "ቆንጆ ነው" አሉ። "እሰይ" አላሉም።

በዚያው ሳምንት ከከተማው ወጣ ካለ ደብር ሥራ መጣ። ነፋስ የጣለው የቅጥሩ ዋንዛ ነበር፤ ምእመናኑ አሰንጥቀው፣ ሁለት ክረምት አድርቀው፣ በትከሻቸው ተሸክመው አመጡት። ለሦስት በር፣ ለስድስት መዝጊያ፣ አሥራ ሁለት ሳንቃ። የመዝጊያው ስፋት ዘጠና ሴንቲ ስለሆነ እያንዳንዱ ሳንቃ አርባ አምስት ይሆናል፤ ሁለት ሁለት ሆነው ጎን ለጎን ይጋጠማሉ። ቄሰ ገበዙ ሳንቃዎቹን በመዳፋቸው እየዳበሱ "ልጆቼ፣ እንግዲህ ያለው ይኼው ነው፣ ሌላ ዛፍ የለንም" አሉን። ንግሡ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

የየመዝጊያውን መቃን አያ ደሴ በእጅ ሠርተው ጨረሱ። ሳንቃውን ልንጀምር ስንል ከጉንደ ወይን መርዶ መጣ፤ የእህታቸው ባል ሞቷል። ነጠላቸውን ከሚስማሩ ላይ እያነሡ "አትንኪው አልልሽም፣ ቀኑ ቀርቧል" አሉኝ። "ሙከራዋን ግን አትርሺ።"

ሙከራ ቆርጫለሁ፤ አልዋሽም። ግን እጄ ላይ የተገኘችው ቁራጭ አጭር ስለነበረች በአምስት ሴንቲ ቆረጥሁ። በማስመሪያው ስለካት አንዲት ሚሊ ያነሰች መሰለኝ። የመጋዙ ጥርስ የበላው ነው አልሁ። ወደ መቃኑም አልወሰድኋት፤ የአምስት ሴንቲ ቁራጭ ይዤ መቃን ውስጥ ምን ላደርግ? አያ ደሴ ሲመለሱ ሥራው አልቆ እንዲያገኙት፣ "እሰይ" እንዲሉኝ ቸኩዬ ነበር። መደገፊያውን አርባ አምስት ላይ አሰርሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልሁ አሥራ ሁለቱንም በሁለት ቀን ቆረጥሁ። እያንዳንዱ ሲያልቅ ጣቶቼን እቆጥር ነበር። መቁጠር የነበረብኝን ነገር አልቆጠርሁም።

በሦስተኛው ቀን አያ ደሴ መጡ። ደስ ብሏቸው ሁለት ሳንቃ አንሥተው መቃኑ ላይ አስተኙ፤ አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ ጠጋ አደረጉ። መካከሉ ላይ ጣቴን የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። ሌላ ሁለት አነሡ። ያው ነው። ሌላ ሁለት።

የመጋዝ ዱቄቱ ላይ ተቀመጥሁ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ የፈራሁት ሌላ ነበር፤ ጣት፣ ደም፣ እሳት። እንዲህ ያለ ዝም ያለ ነገር አልፈራሁም ነበር።

አያ ደሴ አልተቆጡም። የብረት ማስመሪያውን ወስደው ከለጠፍሁት ወረቀት ጎን አስጠጉ። አምስት ላይ ሊለይ አይችልም። አሥር ላይ ወረቀቱ ሁለት ሚሊ ይቀድማል። ሠላሳ ላይ ስድስት። አርባ አምስት ላይ ዘጠኝ።

"ከዜሮው አጠገብ ሆነሽ ብታይው ትክክል ነው" አሉኝ። "ስሕተቱ እየራቀ ሲሄድ ነው የሚያድግ። ተነሺ አሁን፣ ተነሺ። ሞት አልመጣም።"

ከቤታቸው ጓሮ ለመዶሻ እጀታ ብለው ዓመታት ያደረቁትን የወይራ ግንድ አመጡ። በማሽን አልቆረጡትም፤ በእጅ መጋዝ ሰንጥቀው፣ በእጅ መላጊያ ላጉት። ወይራ ረጅም ቀጥ ያለ አይገኝምና ሦስት ሦስት እያጋጠሙ በየመዝጊያው መካከል ከላይ እስከ ታች አንድ ጥቁር ዘንግ አስገቡ። ስፋቱ አሥራ ስምንት ሚሊ። በኮላና በእንጨት ሚስማር አሰሩት። ሰባት ቀን ፈጀብን፤ በሰባቱም ቀን ቄሰ ገበዙ ድንገት ገብተው እንዳያዩን በሩን በሩን ሳይ ሰነበትሁ።

መጡና አዩ። ቀላ ያለው ዋንዛ መሃል ለመሃል ጥቁር መስመር ወርዶበታል። እጃቸውን አስኬዱበት፣ ኋላ ፊታቸው በራ። "ሁለቱ ሳንቃ ብሉይና ሐዲስ፣ መካከል ያለው ክርስቶስ!" አሉ። አያ ደሴ አንገታቸውን ደፉ። በሩ ለንግሡ ደረሰ።

ነገሩ በዚህ ባለቀ ነበር። ግን ሰባት ቀን ዘግይተን የጤና ጣቢያ ሥራ ስለቆመ ኃላፊው ሰበሰቡን። አዳራሹ ውስጥ ያለነው አሥር የማንሞላ ሠራተኞች ነበርን።

"አሥራ ሁለት ሳንቃ ነው የተበላሸው" አሉ። "ቁጥሩን ያነበበው ማነው?"

"እኔ ነኝ" የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር። ከተናገርሁ ወደ መዝገብ ቤት እመለሳለሁ፤ ከተማው "ብለን ነበር" ይላል፤ ሌላ ሴትም ከዚያ ማሽን አጠገብ አትደርስም። ይህን ሁሉ ሳስብ አያ ደሴ ቀደሙኝ።

"ማሽኑን በፊርማዬ የተረከብሁት እኔ ነኝ። ከማሽኑ የወጣ የእኔ ነው።"

ኃላፊው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አያ ደሴ፣ ዓይንዎ ደክሞ እንዳይሆን?"

አያ ደሴ ቃሉን አገላብጠው አዩት። "ማን ያውቃል" አሉ።

ከማሽን ተነሥተው ወደ እጅ መሣሪያ ማደያ ተዛወሩ። የማሽኑ ቁልፍ ለእኔ ተሰጠኝ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ።

ከግቢው ወጥተው ሲሄዱ ተከትዬ ደረስሁባቸው። "ለምን እንዲህ አደረጉ?"

"ለእኔ የቀረኝ ጥቂት ነው፤ አንቺ ገና ነሽ" አሉኝ። "ደግሞ አልዋሸሁም። ማሽኑ የእኔ ነው ያልሁ። መናገሩን እንደሆነ የምታውቂ አንቺ ነሽ፤ መቼ እንደምትናገሪ አልነግርሽም።"

ቢነግሩኝ ይሻለኝ ነበር።

ወረቀቱን ልጬ ጣልሁት። በአሉሚኒየም ቁራጭ ላይ ከብረት ማስመሪያው እያየሁ እያንዳንዷን ሚሊ በብረት ጫፍ ጭሬ አዲስ ስኬል ሠራሁ፤ አንድ ወር ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ማናቸውንም ልኬት የምመረምረው ከሩቁ ጫፍ ጀምሬ ነው። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሞጣ ላይ የማሠልጠኛ ወርክሾፕ ሲከፈት ወደዚያ ተዛወርሁ። እዚያም በኢንች የመጡ ሦስት ማሽኖችን ለወጥሁ፤ በጠቅላላው አንድም ሚሊ አልሳትሁ። ሠልጣኞቹ ሲያሾፉብኝ "እትዬ አስናቀች መጋዙን ከማስነሣቷ በፊት ኑዛዜ ትናዘዛለች" ይላሉ። አላወቁም እንጂ ያልተናዘዝሁት አንድ ነገር ነበር።

ትርንጎ አስተማሪ ሆና ሞጣ ተመደበች። የአባቴ ባልደረባ ነሽ ብላ ፈልጋ መጣች፤ ወዳጅ ሆንን። አንድ ፋሲካ አያ ደሴ ሊጠይቋት መጥተው ቤቷ አገኘኋቸው። መነጽር አድርገዋል። ወደ እኔ ሲያዩ አንገታቸውን ቀብረው ከመነጽሩ በላይ ነው የሚያዩኝ።

"አባዬ ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል" አለችኝ ትርንጎ ምሳ እያቀረበች። "ያን የቤተ ክርስቲያን እንጨት ያበላሸው በዓይኑ ነው። አንቺም ታውቂያለሽ።"

አያ ደሴ አላዩኝም። ዳቦውን ቆረሱ። እኔም ዝም አልሁ። የመጀመሪያውን ዝምታዬን ፈርቼ ነው ልበል፤ ለሁለተኛው ምን ምክንያት አለኝ? ምንም። ፍርሃት ሲለመድ እንደ ትሕትና ይመስላል። በዓመቱ አያ ደሴ አረፉ።

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ ሸኙኝ። ትርንጎም ተጠርታ ከፊት ተቀምጣለች። ስጦታቸው የዋንዛ ሣጥን ነበር፤ ክዳኑ መሃል ለመሃል ጥቁር የወይራ መስመር ወርዶበታል። ያ መስመር ከዚያ ደብር ወጥቶ በየደብሩ፣ በየሳሎኑ በር፣ በየአልጋው ራስጌ ተዛምቷል። የወርክሾፑ ኃላፊ ሣጥኑን ከፍ አድርጎ "ይህ የአካባቢያችን ጌጥ ነው። ልኩም የታወቀ ነው፣ አሥራ ስምንት ሚሊ" አለ። ተጨበጨበ።

እንድናገር ጋበዙኝ። ያዘጋጀሁት ምስጋና በወረቀት ተጽፎ እጄ ላይ ነበር።

"ይህ ጌጥ አይደለም" አልሁ። "የእኔ ስሕተት ነው።"

ከፎቶ ኮፒው እስከ ቁልፉ ያለውን ሁሉ ተናገርሁ። ሰው ሁሉ እኔን ሲያይ እኔ ትርንጎን ብቻ አያለሁ። ስጨርስ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሥታ ወጣች።

ሦስት ቀን አልመጣችም። ሦስቱን ቀን ምን እንዳደረግሁ አልናገርም፤ ቤቱ ውስጥ ያልለካሁት ነገር አልነበረም። በአራተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። ገባች፣ ተቀመጠች፣ በመሐረብ የተቋጠረ ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የአያ ደሴ መነጽር ነበር፤ ከኋላው ጥቁር ክር ታስሮበታል።

"ደጀን ላይ ከአዟሪ የገዛሁለት እኔ ነኝ፣ በመጀመሪያ ደመወዜ" አለችኝ። "አንድ ቀን ዓይኔ ደከመ ብሎ አያውቅም። እኛ ነን ደከመ ያልን። ዳዊቱን ሲደግም እንኳ በላዩ አሾልቆ ነበር የሚያነብ። ይንሸራተትበታል ብለን ክር ጨመርንበት።"

መነጽሩን አንሥቼ አደረግሁት። ጠረጴዛው፣ ሣጥኑ፣ የእሷ ፊት፣ ሁሉም ተደበላለቀ። በዚያ ውስጥ ደህና ዓይን ያለው ሰው ምንም ሊያይ አይችልም።

"ጻፊው" አለች ትርንጎ። ታለቅስ እንደሆነ በመነጽሩ ውስጥ አልለየሁም። "ያ ሁሉ ሰው ዓይኑ ነው ብሎ ቀርቷል። ጻፊው።"

ይኸው ጻፍሁ። የአያ ደሴ ዓይን ደህና ነበር።